“ሎክ አለው” የሚባለው ሰንጢ

መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ ሰንጢ የሚገዛ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ይታወቃል። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ “ይቆርጣል?” ይላል። አገላብጦ ያይና “አይዝግም?” ይላል። ሻጩ ለሁለቱም ይምልና ዋናውን ለመጨረሻ ያቆየዋል፦ “ደግሞ ሎክ አለው!” ከፍቶ ቀጭ ያደርገዋል። ከዚያች ድምፅ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው። ገዢው ድምፁን ሰምቶ ይከፍላል እንጂ ምኑ ምኑን እንደያዘ፣ ምን ያህልስ እንደያዘ ገልጦ አያይም። ገልጦ ማየት የእኔ ድርሻ ነው፤ አልይዝ ያለ ዕለት ወደ እኔ ይመጣል።

ጄኔራል መካኒክስ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመት እሱኑ ሳስተምር ቆይቼ፣ አሁን ገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ ክፍል ሞርሳና ሞረድ ይዤ ተቀምጫለሁ። የበር ቁልፍ፣ የፀረ አረም መርጫ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጃንጥላ፣ ሚዛን፣ የመጣልኝን ሁሉ እጠግናለሁ። ሰንጢ ከገቢዬ ትንሿን ነው የሚይዘው። የምጨነቅበት ግን እሱ ነው፤ ባትሪ ሲበላሽ ያጨልማል እንጂ ጣት አይወስድም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ የደረስኩበትን ቀድሜ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ ልግባ፦ ሰው የሚጎዳው ሎክ የሌለው ሰንጢ አይደለም፤ ለይስሙላ ሎክ የተደረገለት ነው። ሎክ የሌለውን የያዘ ሰው እንደሌለው ስለሚያውቅ እጁን ይሰበስባል። “ሎክ አለው” የተባለ ግን ሙሉ ጉልበቱን አሳርፎ ይወጋበታል።

ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከተማችን ትሞላለች። ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የሚወርዱት ሳሉግ የሚባሉት የወቅት ሠራተኞች ለሰሊጥ አጨዳ ይመጣሉ፤ ከሰሊጡ በኋላ ማሽላው አለ፣ ጥጡ አለ። በዚያው ሰሞን ዕጣን ለቃሚዎቹም ወደ ቋራና ወደ መተማ በረሃ ይገባሉ፤ ዝናቡ እስኪመለስ ድረስ ዋልያ መቀር የሚባለውን ዛፍ ልጡን ስስ አድርገው እየላጡ፣ የፈሰሰውን ሲደርቅ እየለቀሙ ይከርማሉ። ሰሊጡ በማጭድ ይታጨዳል፤ የዕጣን መላጫውም እጀታው የማይታጠፍ የራሱ መሣሪያ ነው። ሰንጢ የሚገባው በመሐል ባለው ሥራ ሁሉ ነው። ሲባጎ ይበጥሳል፣ ጆንያ ይቀዳል፣ የሸራ ገመድ ይቆርጣል፣ ሐብሐብ ይከፍላል፣ የግራር እሾህ ከተረከዝ ያወጣል፣ የዘይት ጀሪካን አናት ይበሳል፣ ጫማ ለመስፋት ጎማ ይሸነቁራል።

የዘረዘርኳቸውን ሥራዎች መለስ ብላችሁ ብታዩ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ መቁረጥ፣ ሌላው መውጋት ነው። የሰንጢ ነገር ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ገመድ ስትቆርጡ ገመዱ ስለቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ወደ ኋላ ማለት ይበልጥ ወደ መከፈት ነው። እዚያ በኩል ስለቱን የሚያስቆም ፒን ወይም የእጀታው ብረት ስላለ ጫናውን እሱ ይቀበለዋል። ሎኩ በዚህ ጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ ኖረ አልኖረ ልዩነት የለውም። ሎክ የሚያስፈልገው ስለቱ በደንደሱ በኩል ሲገፋ ነው። ጀሪካን ስትወጉ ጫፉ ጠንካራ ቦታ አግኝቶ ሲንሸራተት፣ ጎማ ውስጥ የተቀረቀረን ስለት ለማውጣት ላይና ታች ስትወዘውዙ፣ ወይም ደንደሱ ከመኪናው ስፖንዳ ጋር ሲጋጭ ስለቱ ወደ ቤቱ መመለስ ይፈልጋል። በቤቱ ደጃፍ ላይ ደግሞ አራት ጣቶቻችሁ ተደርድረዋል።

ይህን ነገር የድሮ ሠሪዎች በደንብ ያውቁት ነበር። ቲኤል 29 የሚባለው የአሜሪካ ጦር የመስመር ሠራተኞች ሰንጢ አንድ ስለትና አንድ ካቻቢቴ ነበረው። የሚቆልፈው ካቻቢቴው ብቻ ነው፤ ስለቱ በሞላ ብቻ ይቆማል። ካቻቢቴ የሚሠራው በመግፋት ስለሆነ ሎክ ተሰጠው፤ ስለት የሚሠራው በመጎተት ስለሆነ ያለ ሎክ ታለፈ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቀዩ የስዊዘርላንድ ሰንጢም እንዲሁ ነው። ካርል ኤልዘነር ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን የመኮንኖች የተባለውን ሞዴል በ1897 አስመዘገበ። ትልልቆቹ ሞዴሎች ሎክ ቢኖራቸውም ሰው ኪስ ውስጥ የሚገኘው የተለመደው መጠን እስከ ዛሬ ስለቱ አይቆልፍም። ጀርባው ላይ ያለው ጠንካራ ሞላ ሲከፈትም ሲዘጋም ጫን ብሎ ይይዘዋል፤ በኃይል ከገፋችሁት ይታጠፋል፤ እንደሚታጠፍም ማንም አልደበቃችሁም።

ወደ ሎኩ እንምጣ። አሁን በገበያችን የሞላው ሰንጢ ሎኩ በእጀታው ውስጥ ያለ ላሜራ ነው። እጀታውን ስትፈቱት ግራና ቀኝ ሁለት ስስ ብረቶች ታገኛላችሁ። አንደኛው በቁመቱ ተሰንጥቆ ወደ መሐል ጎበጥ ተደርጓል፤ ራሱ ላሜራው ሞላ ሆነ ማለት ነው። ስለቱ ሲከፈት ላሜራው ቀጭ ብሎ ወደ መሐል ይዘልና ከስለቱ ግርጌ ኋላ ይቆማል። ስለቱ ልመለስ ሲል ከላሜራው ጫፍ ጋር ግንባር ለግንባር ይገናኛል። ለመዝጋት ላሜራውን በአውራ ጣት ወደ ጎን መግፋት ነው። ሐሳቡ ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ዛሬ በዓለም የተስፋፋውን መልኩን ያወጣው ግን አሜሪካዊው ሰንጢ ሠሪ ማይክል ዎከር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ። በወጉ ሲሠራ ግሩም ነገር ነው፤ ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይከፈታል ይዘጋል።

በወጉ ሲሠራ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የስለቱ ጫፍ ከሚዞርበት ፒን 8 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ላሜራው ስለቱን የሚነካበት ቦታ ደግሞ ከዚያው ፒን 8 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ነው። አሥር እጥፍ ነው። ጫፉ ላይ ያረፈ የ5 ኪሎ ግፊት ላሜራው ዘንድ ሲደርስ 50 ኪሎ ይሆናል። የርካሾቹ ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስለቱን የሚነካበት ስፋት ከአንድ የሰሊጥ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ግማሽ ኩንታል በአንዲት ሰሊጥ ላይ ተጫነ ማለት ነው። ያውም ቀስ ብሎ ሲገፋ ነው፤ ጎማ ላይ በኃይል ሲሰነዘር ሌላ ነው።

ይህን ጫና ደህና ብረት ይችለዋል፤ ብረቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ላሜራው የሚገጥመው የስለቱ ግርጌ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አይደለም፤ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ይላል። ዘንበል ማለቱ ይጠቅማል፤ ብረቱ በጊዜ ብዛት ሲበላ ላሜራው ወደ ውስጥ ጠለቅ እያለ ክፍተቱን ይሞላዋል። ከመጠን በላይ ከዘነበለ ግን ስለቱ ሲገፋ ላሜራውን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ራሱን በራሱ ከፈተ ማለት ነው። አንድ ሁለት ዲግሪ የሚባል ስሕተት በዓይን አይታይም፣ ቀጭ የሚለውን ድምፅም አይቀንሰውም። ፋብሪካ ውስጥ በጥንቃቄ የሚሞረደው እሱ ነው፤ ርካሽ ሰንጢ ሲሠራ መጀመሪያ የሚዘለለውም እሱ ነው።

አሁን ሞርሳዬ ላይ ያለውን ላሳያችሁ። ባለቤቱ ዕጣን ለቃሚ ነው። እጀታው ላይ የታወቀ የውጭ ኩባንያ ስም በሌዘር ተጽፎበታል፤ ስሙ ውስጥ አንዲት ፊደል ጎድላለች፤ ኩባንያው አያውቀውም ማለት ነው። ሦስቱን ብሎኖች ፈትቼ ላሜራውን በሰዓት ሠሪ መነጽር አየሁት። ጫፉ ካሬ መሆን ሲገባው ማዕዘኑ ተደፍጥጦ ክብ ሆኗል፤ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ እንደ ስለቱ አልጠነከረም። ስለቱን የነካበት ምልክት ሲታይ ደግሞ ከላሜራው ውፍረት ግማሹ ብቻ ነው የተቀመጠው፤ ሌላው ግማሽ አየር ላይ ነበር። ለምን ግማሹ ብቻ? ከስለቱ ግርጌ ላይ ቢጫ ጠጣር ነገር ተጋግሯል፤ በጥፍሬ ብፍቀው አልነሳ አለ፤ በክብሪት ሞቅ ሳደርገው ክፍሏን የቤተ ክርስቲያን ሽታ ሞላት። ዕጣን ነው። ከለቃሚው ጣት ወደ ኪሱ፣ ከኪሱ ወደ ሰንጢው ገብቶ ላሜራው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተቀምጦበታል። ላሜራው ቀጭ ይላል፤ ቀጭ የሚለው ግን ዕጣኑ ላይ ነው።

ይህን የበረሃችንን ነገር አገሩ ውጭ ተቀምጦ ሰንጢ የሚሠራ ሰው አያስበውም። የእኛ ዋልካ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይልማል፤ በላብ ሲርስ ደግሞ ጭቃ ሆኖ ይጋገራል። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ኪስ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ላብ ነው። የሰሊጥ ገለባ ስባሪ፣ የጥጥ ብናኝ፣ ትምባሆ፣ ሁሉም የሚገባው እዚያች ጠባብ ቦታ ነው። ሰው ይህን አይቶ መፍትሔ ብሎ የሚያደርገው ነገር ደግሞ ያባብሰዋል፤ ከመካኒክ ቤት የተቃጠለ ዘይት አምጥቶ ያፈስበታል። ዘይቱ አቧራውን ሰብስቦ ሊጥ ያደርገዋል። ላሜራውና ስለቱ የሚገናኙበት ፊት ጭራሽ ዘይት አይፈልግም፤ ይያዝ እንጂ ይንሸራተት አላልንም። ዘይት የሚፈልገው የሚዞርበት ፒን ብቻ ነው፣ ያውም ጠብታ።

ዕጣኑን ለማስለቀቅ ብዙ ሰው ነጭ ጋዝ ይሞክራል። የበለጠ የሚሠራው ቅደም ተከተል ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ፣ ቀጥሎ በአልኮል። ዕጣን ውስጥ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል፤ አንዱ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ ነው፣ ሌላው በአልኮል እንጂ በውሃ የማይነካ ሬዚን። አንዱን ብቻ ከሞከራችሁ ግማሹ ይቀራል። የመድኃኒት ቤት አልኮል ከሌለ ዳግም አረቄም ይረዳል፤ የጥርስ ብሩሽ ነከር አድርጎ መፈግፈግ ነው። (ደንበኞቼ አረቄውን ለሰንጢ ማባከኔን እንደ ነውር ያዩታል።) የግራር ሙጫ ከሆነ ግን ውሃ ብቻውን ይጠርገዋል።

ሌላው በገበያ የሚገኘው ሎክ ከጀርባ ነው። በእጀታው ጀርባ ላይ እንደ ሚዛን ከመሐሉ ላይና ታች የሚል ብረት አለ፤ ፊቱ ጥርስ አለው፤ ስለቱ ሲከፈት ጥርሱ ከስለቱ ግርጌ ያለች ጎድጓዳ ውስጥ ይወድቃል። ይህን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዓለም ያስወደደው ባክ 110 የሚባለው የአሜሪካ ሰንጢ ነው፤ ሞዴሉ እስከ ዛሬ ይመረታል፤ አምሳያው ደግሞ የትም ሞልቷል። እኔ ከላሜራው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ጫናውን የሚሸከመው ብረት ወፍራም ነው፣ ጣት ሲጨመድድም በስሕተት አይነካካውም። ድክመቱ ያችው ጎድጓዳ ናት። ዋልካ ከሞላባት ጥርሱ እስከ ታች አይወርድም። ደግነቱ በዓይን ይለያል። ስለቱ ተከፍቶ ሳለ የጀርባው ብረት ከእጀታው ጀርባ ጋር እኩል መተኛት አለበት፤ በጥፍር ሲሄዱበት የሚያሰናክል ከፍታ ካለው አልቆለፈም ማለት ነው። በስንጥር መጎርጎር ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

ሦስተኛውን በገበያችን አላየሁትም፤ ደቡብ አፍሪካ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው አምጥቶ ያሳየኝ። ኦካፒ ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመን ውስጥ ነው፤ ያኔ ጀርመን በአፍሪካ ለነበሯት ቅኝ ግዛቶች ታስቦ። ከ1988 ወዲህ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይመረታል። ጀርመኖች ለአፍሪካ ስለት መላካቸው አዲስ አልነበረም። አፄ ዮሐንስ እዚህ መተማ ላይ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም. ዘመን ከወዲያ ማዶ ሱዳኖች ይታጠቁት ከነበረው ጎራዴ የአንዳንዱ ስለት ከጀርመኗ ዞሊንገን የመጣ ነው። የኦካፒ ሞላ ከእጀታው ጀርባ በውጭ በኩል ነው፤ ስለቱ ሲከፈት ጥርስ በጥርስ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ለመዝጋት ሞላው ላይ ያለችውን ቀለበት ጎትቶ ማንሳት ነው። ሥራው ሸካራ ነው፤ ስለቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ግን ሎኩ ደጅ ላይ ስለሆነ ቆሻሻውም መላላቱም ይታያል፤ በጉርድ ምስማር የሚጠገን ነገር ነው። የማየውን ሎክ ከማላየው ይልቅ አምናለሁ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የፈረንሳዮቹን ኦፒኔል ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ሲሄድ ለጎረቤቴ ትቶለት ነው ያገኘሁት። ጆሴፍ ኦፒኔል ሳቮዋ በሚባል ተራራማ አገር እ.ኤ.አ. በ1890 ለገበሬ የሠራው የእንጨት እጀታ ሰንጢ ነው፤ ለ65 ዓመት ምንም ሎክ አልነበረውም። በ1955 ማርሴል ኦፒኔል አንገቱ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት ጨመረበት። ቀለበቷ በአንድ ጎኗ የተሰነጠቀች ናት፤ ስንጥቁ ከስለቱ ፊት ሲሆን ስለቱ ይዘጋል፤ ዞር ስትደረግ በድፍኑ ጎኗ ከስለቱ ግርጌ ኋላ ትቆማለች። ሞላ የለ፣ ጥርስ የለ፣ ዲግሪ የለ። አትቆልፍም ብትሉ አትቆልፍም፤ ልትቆልፉት ከፈለጋችሁ በእጃችሁ ታዞሯታላችሁ፣ ምን ያህል እንደዞረች በዓይናችሁ ታያላችሁ። ያለባት ችግር እንጨቱ ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል። ሳቮዋዎች የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ያደርጉታል፤ ስለቱ ብቅ ይላል። ሐምሌ ላይ መተማም ይሠራል።

ከሻጭ ፊት ቆማችሁ ሎክ የምትሞክሩበት መንገድ ይኼ ነው። ከፍታችሁ መጀመሪያ ወደ ብርሃን አዙሩት፤ ላሜራ ከሆነ ጫፉ ሙሉ ውፍረቱ ስለቱ ላይ መቀመጥ አለበት፣ የስለቱን ግርጌ ስፋት ቢያንስ ሩቡን መሸፈን አለበት። ዳር ላይ ንክች ብሎ የቆመ ከሆነ መልሱት። ቀጥሎ እጀታውን ከግራና ቀኝ በመዳፍና በአውራ ጣት ብቻ ያዙት፤ የትኛውም ጣት ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ አይሁን። ደንደሱን በእንጨት ጠርዝ ላይ አሳርፋችሁ ቀስ በቀስ ጫኑት። ላሜራው ከነበረበት ሲንቀሳቀስ ካያችሁ፣ የመንሸራተት ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሻጩ እንዴት ቢምል አትውሰዱት። በስልክ የሚታዩት ቪዲዮዎች ላይ ደንደሱን ጠረጴዛ ላይ በኃይል ሲያጋጩት አይታችሁ ይሆናል፤ አታድርጉት። ደህናውን ሎክ ያበላሻል፣ መጥፎው ደግሞ የጣታችሁን ቦታ አይጠብቅላችሁም።

የተመለሰ ስለት የሚያደርሰውን ጉዳት ሰው አቅልሎ ያየዋል። ጣትን የሚያጥፉት ጅማቶች በመዳፍ በኩል ከቆዳው ብዙም ሳይርቁ ነው የሚያልፉት፤ ለእያንዳንዱ ጣት ሁለት ሁለት፣ ለአውራ ጣት አንድ። ሰንጢ ሲታጠፍ የሚያርፈው ልክ እዚያ ላይ ነው። ቁስሉ ጠባብና ንጹሕ ስለሚሆን ደሙ ሲቆም ሰውየው በጨርቅ አስሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። ደሙ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ፣ እጁም ከፍ ተደርጎ ከቆመ በኋላ “እስቲ ጣትህን እጠፍ፣ የጫፏንም አንጓ ለብቻዋ እጠፍ” በሉት። አልታጠፍ ካለች ጅማት ተቆርጧል። የተቆረጠ ጅማት ወደ መዳፍ ይሸሻል፤ ከላይ ቆዳውን ብቻ መስፋት አይመልሰውም። በቀናት ውስጥ ቀዶ ጥገና የሚችል ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ ሳምንታት ካለፉ ሥራው እየከበደ፣ ጣቱም እንደ ዱላ እየደረቀ ይሄዳል። ለእኛ ያ ማለት ብዙውን ጊዜ በገንዳ ውሃና በአይከል አልፎ ጎንደር ነው፣ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት መነስነስ ቢቀር ይሻላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ግን ጤና ጣቢያ ሳይቀር ይገኛል፤ አፈርና ላብ የነካ ስለት ስለሆነ አትለፉት።

“ታዲያ ለመውጋት ምን ይያዝ?” የሚለኝ አለ። የማይታጠፍ ነገር ነዋ። ከማዶ የሚመጡት ሱዳናውያን ይህን ጥያቄ ከድሮ ጀምሮ ጨርሰውታል። አጭር ካራ በቆዳ አፎት አድርገው ከግራ ክንዳቸው ላይ፣ ከክርናቸው በላይ ያስሩታል፤ እጅጌ ይሸፍነዋል፣ ሲፈለግ በቀኝ እጅ ይመዘዛል። የሚላላ ብሎን የለው፣ የሚደክም ሞላ የለው። ከስለቱ እስከ እጀታው አንድ ብረት ነው። የእኛ ቀጥቃጮች የሚያወጡት ካራም እንዲሁ ነው። ሰንጢ የሚበልጠው ኪስ ውስጥ በመግባቱ ብቻ ነው፤ ሎክ የሚባለው ነገር ሁሉ የመጣው ያንን የታጠፈውን ብረት እንዳልታጠፈ ለማስመሰል ነው። የእንግሊዝ ሕግ ሳይቀር ነገሩን እንደዚያው ያየዋል። እዚያ አገር የሚታጠፍ፣ የማይቆልፍና ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠ ሰንጢ ያለ ምክንያት በኪስ መያዝ ይቻላል፤ የሚቆልፍ ከሆነ ግን መጠኑ ምንም ቢያንስ እንደማይታጠፍ ቢላ ተቆጥሮ በአደባባይ ለመያዝ በቂ ምክንያት ይጠየቅበታል። ለንደን ላለ ዘመዳችሁ ከዚህ ሰንጢ ስጦታ ልትልኩ ካሰባችሁ እወቁት።

ባለፈው አጨዳ ሰሞን ከጎጃም የወረደ አንድ ልጅ ከሻጩ ጠረጴዛ ወደ እኔ መጥቶ፣ “አያ፣ የቱን ልግዛ?” አለኝ። ለምን እንደሚፈልገው ብጠይቀው ለሁሉም ነው አለኝ፤ ጆንያም አለ፣ ገመድም አለ፣ ጫማውም ተቀዷል። አፎት ያለው ካራ ግዛ አልኩት። “እሱንማ ፍተሻ ላይ ይወስዱብኛል፤ መንገዱን ታውቀው የለ?” አለኝ። አውቀዋለሁ፤ መልስ አልነበረኝም። አብሬው ሄጄ ሎክ የሌለው፣ ሞላው ጠንካራ የሆነ ትንሽ ሰንጢ ለገመዱ አስመረጥኩት፤ ለጫማውና ለጀሪካኑ ደግሞ ከጎን ካለው ሱቅ አንድ የጆንያ ወስፌ። ሁለቱ ተደምረው ሻጩ “ሎክ አለው” ካለው ሰንጢ ረከሱለት፤ በተረፈው ሲባጎ ገዛ።